የቀንድ ቁልፍ ያለው ጌም

ካሣሁን መሳቂያ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በመካነ ኢየሱስ ሰው ስለ እሱ ሲያወራ ሁልጊዜ በሳቅ ስለሚጀምር ነው። «ያ ጌም አከራዩ!» ይላሉ፤ ከዚያ ይስቃሉ፤ ከዚያ የጠላ ብርጭቋቸውን ያነሳሉ። እኔ ሙላው እባላለሁ፤ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ከካሣሁን ጋር በአንድ አጥር ስንጎራበት ሃያ ሁለት ዓመታችን ነው። ሳቃቸውን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ባለቤቴ «ግፊትህ ይነሳብሃል፣ ተወው» ትለኛለች። ግፊቴ ተነስቶም ቢሆን ይህን እጽፈዋለሁ።

ጌሟን ያገኛት የመንገድ ሥራ ካምፕ ዘበኛ ሳለ ነው። ሥራው ሲያልቅ አንድ ፈረንጅ ቀያሽ ዕቃውን እየሸከፈ መዳፍ የምታህል ግራጫ መጫወቻ አውጥቶ ሰጠው። በሁለት የባትሪ ድንጋይ ትሠራለች። ከኋላዋ ትንሽ ካሴት ተሰክታባታለች፤ ካሴቷ ላይ ያለው ጨዋታ አንድ ብቻ ነው። መስኮቷ ላይ ባለ ቀለም ጠጠሮች ተደርድረው ይታያሉ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ጠጠሮችን ታለዋውጣለህ፤ ሦስት አንድ ዓይነት ከተሰለፉ ይጠፋሉ፤ በቦታቸው ከላይ ሌላ ይወርዳል። የሚለዋወጥ ጠጠር ስታጣ ጨዋታው አበቃ። ነገሩ ይኸው ነው።

ካምፑ ሲፈርስ ካሣሁን ሥራ ፈታ። መሬት የለው፣ በሬ የለው። ሚስቱ አንዲት ሴት ልጅ፣ ሰናይትን፣ ጥላለት ከሞተች ገና ዓመቷ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ ያለቅስ ነበር። እሱ ግን ጌሟን ይዞ ገበያ ወጣ። ሐሙስ በእህል መኪና ጭነት ላይ ተንጠልጥሎ ይሄድና አርብን አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ ይውላል፤ በሌላው ሳምንት ወገዳ ከተማ። አህዮች ከሚታሰሩበት አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ ጌሟን ሰው ይዟት እንዳይሄድ በጅማት ከእጁ አንጓ ጋር ያስራታል፤ አንድ ጨዋታ በሃምሳ ሳንቲም።

መጀመሪያ የሚጫወቱት ተማሪ ልጆች ብቻ ይመስሉት ነበር። ገበሬው ቀደማቸው። ለምን እንደሆነ እኔ ልንገራችሁ፤ ጨዋታው የሚያውቁት ሥራ ስለሆነ ነው። ገበሬው ቀዩን ጠጠር ምስር አለው፣ ቢጫውን ሽንብራ፣ አረንጓዴውን አተር፣ ቡናማውን ባቄላ። የጨዋታውንም ስም «ለቀማ» አሉት። እህሉን ሸጦ፣ ባዶ ስልቻውን ትከሻው ላይ ጥሎ «ሦስት ምስር! ኧረ ሦስት ምስር መጣልኝ!» እያለ የሚጮህ ሽማግሌ በዓይኔ አይቻለሁ። ጠጠሮቹን ወደ ላይ ወደ ታች የምታንቀሳቅሰው የግራ ቁልፍ ደግሞ መስቀል ትመስላለች። እና የጋይንት ገበሬ ሃምሳ ሳንቲሙን ከከፈለ በኋላ ነጠላውን መስቀልያ አጣፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ ቁልፏን ይሳለማታል።

«ኧረ አያ፣ ጌም ናት!» ይላል ካሣሁን።

«ቢሆንስ? መስቀል መስቀል ነው» ይሉታል።

በዚህ ሥራ ነው ሰናይትን ያሳደጋት። ደብተር የገዛላት፣ ደብረ ታቦር ልኮ ፋርማሲ ያስተማራት በዚህ ነው። አሁን የሚስቁት ሰዎች ያኔ የገዛ ልጆቻቸውን አላስተማሩም።

ግን ጌም ለእርሻ እጅ አልተሠራችም። ከሞፈር ላይ የመጣ አውራ ጣት ሁለት ዓመት ሲጫናት ቁልፎቿ አለቁ። መስቀሏ አንድ ክንዷን ጣለች፤ ክቦቹ ቁልፎች እንደ ተላጠ ባቄላ ሟሙ። ካሣሁን መለዋወጫ ፍለጋ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ነበር። «አዲስ ግዛ» አሉት፤ በምን እንደሚገዛ የነገረው ግን የለም። ተመለሰና ሁለት ሳምንት ከቤት ሳይወጣ ሰነበተ። በሦስተኛው ሳምንት ጌሟን ይዞ አርብ ገበያ ወረደ፤ ቁልፎቿ አዲስ ሆነው ነበር። «ከጎንደር ተልኮልኝ ነው» አለ። ሁሉም አመነው፤ እኔም አመንሁት።

እውነቱን ያየሁት ሌላ ጊዜ፣ ማጭድ ልዋስ ስሄድ ነው። ቀን ነው፣ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ካሣሁን ከጓሮ ያለችውን የከብት ማደሪያ ከውስጥ ዘግቷታል። ከብት የሌለው ሰው ምን ይዘጋል ብዬ ገፋሁት። መሬት ላይ ተቀምጦ፣ በፈላ ውኃ ያለሰለሰውን የበሬ ቀንድ በጉልበቶቹ መካከል አጣብቆ በጠርሙስ ስባሪ ይፍቃል። የተፋቀው ዱቄት ሱሪውን አንጥቶታል። በግራ መዳፉ ላይ አንዲት ጥፍር የምታህል ያለቀች ቁልፍ ነበረች፤ እንደ መስታወት ታበራለች። ቀንድ እንዲህ ይሆናል ብሎ ማን ያምናል? አድናቆቴን ልነግረው አፌን ስከፍት እሱ ቀድሞኝ እግሬ ላይ ወደቀ።

«ሙላው፣ በመድኃኔዓለም፣ አላየሁም በለኝ።»

«ምን ሆነህ ነው? እንዲህ ያለ ሙያ እያለህ…»

«ልጅ አለችኝ እኮ!» አለኝ። ሌላ አልጨመረም፤ መጨመርም አላስፈለገውም።

ለማያውቅ ሰው ግን ልጨምርለት። በእኛ አገር የሚያርስ ሰው ጨዋ ነው፤ የሚቀድስ ከጨዋም ጨዋ ነው፤ በእጁ ዕቃ የሚሠራ ግን ስም ይወጣለታል። ብረት ከቀጠቀጠ ቀጥቃጭ፣ ቆዳና ቀንድ ከነካ ፋቂ፣ ልጅ ከታመመ ደግሞ በዓይኑ በላው ይባላል። ይህን ካባ የለበሰው ይለዋል፣ ዲግሪ ያለው ይለዋል። የካሣሁን እናት ከስማዳ የመጡ ናቸው፤ አባታቸው የቀንድ ዋንጫ ይሠሩ ነበር። በዚያ ዋንጫ ስንት ባላባት ጠጅ ጠጥቷል! ሠሪውን ግን ከደጅ ነው የሚያስቀምጡት። እስቲ ማን ይመልስልኝ፦ የምንሳለመውን መስቀል የቀረጸው ማን ነው? የከበሮውን ቆዳ የወጠረው ማን ነው? ብራናውን የዳመጠው፣ ማረሻውን ያሾለው ማን ነው? ዕቃውን በሁለት እጃችን ተቀብለን ሠሪውን በእግራችን እንገፋለን፤ ደግሞ አናፍርም!

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ተማሪ በምላጭ እርሳስ ሲቀርጽ አግኝቼ «ምን ትፍቃለህ፣ የፋቂ ልጅ ነህ?» ብዬ ጮኼበታለሁ። ልጆቹ ሳቁ። ያን ጊዜ ሰናይት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር፤ አልሳቀችም። ምክንያቱ የገባኝ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ያቺን ማደሪያ በር ስገፋ ነው። ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

ሞባይል ሲመጣ የካሣሁን ሥራ ሞተ። በየኪሱ ጨዋታ እያለው ማን ሃምሳ ሳንቲም ይከፍላል? የፋርማሲ ደመወዝተኛ የሆነችው ልጁ «አባባ፣ በቃህ፣ እረፍ» አለችው። ጌሟን ቆጥ ላይ ሰቀላት ብለን አስበን ነበር። እሱ ግን የሚጣደፍበት ገበያ ሲቀርለት ነው የልቡን የሠራው። ማደሪያዋን እየዘጋ፣ ቁልፎቿን አንድ በአንድ እንደገና ሠራቸው። መስቀሏ ላይ እንደ ቤተ ክርስቲያን መስቀል ሐረግ ፈልፍሎ አወጣባት። በላይኛዋ ክብ ቁልፍ ላይ የምስር ፍሬ ቀረጸ፤ በታችኛዋ ላይ የአተር አበባ። የባትሪ ድንጋዮቿን ክዳን ሳይቀር ከጥቁር ቀንድ አድርጎ ገጠመው። ለማን ብሎ? ለማንም። ከእኔና ከሰናይት በቀር የሚያየው አልነበረም።

ታዲያ ሰናይት አምና ጌሟን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ለቀቀችው። «የአባቴ ጌም» ብቻ ነው ያለችው። አሮጌ ጌም የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ አሉ፤ ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ አዲስ አበባ ደረሰ። ቤተልሔም የምትባል ሴት ደወለች፤ ለአሮጌ ጌሞች ኤግዚቢሽን የምታዘጋጅ ናት። መንገዱ ክፍት በሆነበት ሳምንት ራሷ መጣች።

የመጣችው ግን በማይሆን ቀን ነው። ሰናይትን ይታየው የሚባል የግብርና ባለሙያ ለትዳር ጠይቋታል፤ ደግና ዝምተኛ ልጅ ነው። አባቱ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ናቸው፤ በወገዳ ዙሪያ ያለ ደብተራ ሁሉ ከእሳቸው እግር ሥር የተማረ ነው። ያን ዕለት መሪጌታ ከሁለት ሽማግሎች ጋር ቀን ሊቆርጡ መጥተው፣ መደቡ ላይ ተቀምጠው ጠላቸውን እየጠጡ ነበር። እኔ በካሣሁን በኩል ተቀምጫለሁ። ዘር እየተቆጠረ ነው። የካሣሁን አባት ወገን ተቆጥሮ አለቀና መሪጌታ «የእናትዎን ወገን ደግሞ እንስማ» አሉ፤ ካሣሁን «የስማዳ አራሽ ናቸው» ብሎ አጭር መልስ ሰጠ። በዚህ መካከል ቤተልሔም «እንደምን ዋላችሁ» ብላ ገባች።

እንግዳ አይመለስም፤ ተቀመጪ ተባለች። ሰናይት ጌሟን አመጣችላት። ቤተልሔም ነጭ ጓንት ስታጠልቅ ሽማግሎቹ ተያዩ።

«ስንት ታወጣለች?» አልኋት እኔ፤ ነገር ማሳጠር እወዳለሁ።

«ይቺው ዓይነት ጌም፣ ከነካሴቷ፣ ካርቶኗ ሳይከፈት ላስቲኳ ሳይቀደድ ብትገኝ መቶ ሃምሳ ሺህ ብር ድረስ የሚገዛት አለ» አለች። «ሰው የተጫወተባትና የተቧጨረች ከሆነች ግን አምስት ሺህ። ዕቃዋ ተቀይሮ ከሆነ ከዚያም ይወርዳል።»

እኔ አልቻልሁም። ማንም ያልነካው መቶ ሃምሳ ሺህ! አሥራ ምናምን ዓመት የጋይንትና የስማዳ ሰው የሳቀበት፣ የተሳለመው፣ አንዲት ልጅ ያሳደገ አምስት ሺህ! ዕድሜዬን ሒሳብ አስተምሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ሒሳብ ግን አላስተማርሁም።

«ልጄ፣ ካርቶኑን ካልከፈቱት ውስጡ ጨዋታ እንዳለ በምን ያውቃሉ?» አልኋት።

«አያውቁም» አለች፤ ፈገግ ብላ። ልጅቷ ክፉ አልነበረችም፤ ይህን ልመስክርላት። ከዚያ ማጉያ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አድርጋ ቁልፎቹን ማየት ጀመረች፤ ፈገግታዋ ጠፋ። ጌሟን ደጋግማ አገላበጠቻት። «ይቺ ግን ሌላ ናት» አለች በመጨረሻ። «እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ይህ ቀንድ ነው አይደል?»

መሪጌታም እጃቸውን ዘረጉ። ጌሟን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን አዞሯት። ሐረጉን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ «ድንቅ ነው! ይህስ የተባረከ እጅ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ወዲያው ግን አንገታቸውን ቀና አድርገው ካሣሁንን አዩት። «የማን ሥራ ነው?» አሉ፤ በዚህኛው ድምፃቸው ውስጥ በረከት አልነበረም።

ቤተልሔም ነገሩ አልገባትም። እሷም ጨመረችበት። «እኔም ይህንኑ ልጠይቅ ነበር፣ ጋሽ ካሣሁን። ሠሪው ከታወቀ፣ ስሙ ከተጻፈና እንዴት እንደሠራት ከነገረን፣ ካልተከፈተችው ባላነሰ ዋጋ እንገዛታለን። ካልታወቀ ግን ያው የተጠገነች ጌም ናት፤ ለውበቷ ብለው እንኳ ከአሥራ ሁለት ሺህ በላይ አይፈቅዱልኝም። ማን ነው የሠራት?»

ካሣሁን እጆቹን ጋቢው ውስጥ ከተታቸው። ሰናይት ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። እኔ የካሣሁንን ፊት አየሁት፤ ሕይወቱን ሙሉ የጠበቀውን ጥያቄ ነው የሰማው፤ የጠየቁት ግን በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ናቸው። ለአንዷ እውነቱን ቢነግራት ለሌላው ነገራት ማለት ነው።

«ከገበያ የገዛሁት ነው» አለ። «አንድ መንገደኛ… አርብ ገበያ።»

«ስሙን ያውቁታል?»

«አላውቀውም። ሞቷል ይባላል።»

የገዛ እጁን ገደለው! ከፊቴ ቁጭ ብሎ ገደለው፤ እኔም አለሁ፣ ሰናይትም አለች፣ ማናችንም ትንፍሽ አላልንም። መሪጌታ «እንግዲያውስ ደግ ነው» ብለው ጌሟን መለሱና ጠላቸውን አነሱ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ቤተልሔም አሥራ ሁለት ሺህ ብሯን ከፍላ ጌሟን በስስ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ሄደች። እንግዶቹ ከወጡ በኋላ ልጮህበት ፈልጌ ነበር፤ «ልጄን ዳርሁ፣ ሙላው፤ ሌላው ሆድ ይፍጀው» አለኝ። ቤቴ ገብቼ በባለቤቴ ላይ ጮህሁ። እሷ ምን አጠፋች? ምንም።

ጥር ላይ ተጋቡ፤ ሠርጉም አማረ። ግንቦት ላይ ቤተልሔም ደውላ ኤግዚቢሽኑ መከፈቱን ነገረችን፤ «ጌሟ ያደገችበት ቤት ሰው መጥቶ ቢያይልኝ» አለች። ካሣሁን፣ ሰናይት፣ ይታየውና እኔ አዲስ አበባ ሄድን። አዳራሹ ቀዝቃዛ ነው፤ መብራቱ ከጣሪያ ይወርዳል። ያልተከፈቱት ካርቶኖች በአንድ በኩል ተደርድረዋል፤ ሰው ቆሞ ካርቶን ይመለከታል! የእኛዋ ለብቻዋ መስታወት ውስጥ ናት። ከሥሯ ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ካሣሁን በጣቱ እየተከተለ በቀስታ አነበበው። «ከቀንድ የተሠሩ ቁልፎች ያሉት የእጅ ጌም። ደቡብ ጎንደር። ሠሪው ያልታወቀ።»

ይከፋዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልከፋውም፤ ፊቱ በራ። ሁለት ተማሪዎች አጠገቡ ቆመው «ምን ዓይነት እጅ ነው!» ሲሉ ሰማቸው፤ እንደ ሕፃን አፈረ። በዚህ ቢያበቃ ኖሮ፣ እኔ ብቻዬን ስቆጣ እኖር ነበር፣ እሱ ግን ደስ ብሎት አገሩ ይገባ ነበር።

ከዚያ ጠጋ ብሎ አያት፤ ፊቱ ተለወጠ። አቧራዋን ሊጠርጉ ፈትተዋት ኖሯል፤ ሲገጥሟት ሁለቱን ክብ ቁልፎች አለዋውጠዋቸዋል። የምስሯ ከታች፣ የአተሯ ከላይ። የምስሯ በማይሆናት ጉድጓድ በግድ ገብታ ዘማለች።

«ይቺ ቦታዋ አይዶለም» አለ። መጀመሪያ ለራሱ ነው ያለው። ሁለተኛ ጊዜ ለጥበቃው ነገረው።

«አባት፣ መስታወቱን አይንኩ» አለው ጥበቃው።

«በግድ ነው የገባችው፣ ትሰነጠቃለች! ልጄ፣ ክፈቱልኝ፣ ትሰነጠቃለች!»

ድምፁን ሰምታ ቤተልሔም እየሮጠች መጣች። «ጋሽ ካሣሁን፣ የተለዋወጡ መሆናቸውን በምን አወቁ?»

ይታየው አጠገቡ ቆሟል፤ የመሪጌታ ልጅ። ሰናይት የአባቷን ክንድ ያዘችው፤ ዝም በል ልትለው ይሁን ተናገር ልትለው፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። ስሙን መተው ችሎ ነበር፤ መቶ ሺህ ምናምኑንም ትቶታል። የዘመመች ቁልፍ ግን አልቻላትም። ሁለት እጆቹን ከጋቢው አወጣቸው።

«እኔ ነኝ የሠራኋት» አለ። «የምስሯ በፀጉር ያህል ትሰፋለች። ሆን ብዬ ነው። የገበሬ አውራ ጣት ሰፊ ነው፤ አብዝቶ የሚጫነው እሷን ነው።»

ቤተልሔም መስታወቱን ከፈተችለት። ትንሽ መፍቻ አምጥተው ሰጡት። ሰው ተሰብስቦ እያየው፣ ጥበቃውም ሳይቀር አንገቱን አስግጎ፣ ካሣሁን በመካነ ኢየሱስ በር ዘግቶ የሚሠራውን ሥራ በአደባባይ ሠራው። አለቀስሁ፤ ለምን እደብቃለሁ? በማግስቱ ጽሑፉ ተቀየረ፤ የካሣሁን ስም ከነአባቱ ገባበት። ቤተልሔም የቀረውን ዋጋ እንደምታስከፍልለት ቃል ገባች፤ ቃሏንም ጠበቀች። ይታየው አገር እስክንገባ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ወገዳ ደርሷል፤ አዲሱን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ የለቀቀ ሰው ነበር። በሳምንቱ መሪጌታ ከነዚያው ሽማግሎች ጋር መጡ። ሰናይትና ይታየው እዚያው ነበሩ፤ እኔም ተጠራሁ። ጠላ ቀረበ፤ አልነኩትም። መሪጌታ ካሣሁንን ለሰላምታ እጁን ሲጨብጡ ነጠላቸውን በመዳፋቸው ላይ ሳብ ሲያደርጉ አይቻለሁ። የተባረከ እጅ ነው ያሉት እኚሁ ሰው ናቸው!

«ካሣሁን፣ እኛ ነገር ማበላሸት አንፈልግም» አሉ። «ሰው ለገንዘብ ሲል ብዙ ይላል። ያኔ በእኔ ፊት የተናገሩት እውነት ነው፣ አዲስ አበባ የተናገሩት ለብሩ ነው ብለን እናምናለን። አሁን በእነዚህ ሽማግሎች ፊት ይህንኑ ይበሉልን። ነገሩ እዚሁ ይቀበራል፤ ትዳሩም ይጸናል።»

ለሊቅ ሰው እንዲህ ቀላል ናት፤ አንዲት ውሸት! የሚያስተምሩትን ሁሉ ለዚህች ሰዓት ጥለውታል። እኔ ከመቀመጫዬ ልነሳ ስል ካሣሁን በእጁ ከለከለኝ።

«መሪጌታ፣ ያኔ ነው የዋሸሁት» አለ። «ላንዲት ልጄ ብዬ ዋሸሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሁለተኛ ግን አልችልም። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የእናቴም አባት ዋንጫ ይሠሩ ነበር።»

«መምህር፣ እርስዎ ያውቁ ነበር?» አሉኝ መሪጌታ።

«አውቅ ነበር» አልሁ። «ያን ዕለትም አውቅ ነበር። ዝም ያልሁት ፈሪ ስለሆንሁ ነው።»

ከዚያ ሌላም ብዙ ተናገርሁ፤ ስለ መስቀሉም፣ ስለ ከበሮውም፣ ስለ ብራናውም። ማንም አልሰማኝም። ሽማግሎቹ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ቆሙና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ይታየው፣ ተነስ እንሂድ» አሉ።

ይታየው መደቡ ላይ ከሰናይት አጠገብ ተቀምጦ ነበር። አባቱን አክብሮ ተነሳ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳ።

«ደህና ይግቡ፣ አባቴ» አላቸው። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ።